ዘጠነኛው ቀበቶ

እሁድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል
ትራፊክ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ

ለምወድሽ የልጄ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እዚያ በሰው አገር ተቀጥረሽ የምታስታምሚያቸው እናት ጉልበታቸው ተሻላቸው? አሁንም ምግብ አልበላም እያሉ ያስቸግሩሻል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን አንቺን ዋሽቼ አላውቅም። ማለቴ ዋሽቼሽ ሳትይዢኝ ቀርተሽ አታውቂም። ስለዚህ ደህና አይደለሁም።

አድራሻውን አይተሽ «ታሰረ እንዴ?» ብለሽ እንዳትደነግጪ። አልታሰርኩም፤ በገዛ እግሬ ነው የመጣሁት። አዎ፣ እኔ! ፖሊስ ሲያይ መንገድ ተሻግሮ የሚሄደው፣ መለዮ ለብሶ የመጣ ደብዳቤ አመላላሽ ያስደነገጠው ባልሽ። ወረቀቱን ዘበኛው ነው የሰጠኝ። ጉልበቴ ላይ ስለምጽፍ ጽሕፈቴን እንዳትታዘቢው።

ልደውልልሽ ሦስት ጊዜ ቁጥሩን ጀምሬ ተውኩት። አንቺ ስትጮሂ እኔ ዝም እላለሁ፤ እኔ ዝም ስል አንቺ የባሰ ትጮሂያለሽ። ጸባያችንን ታውቂው የለ። ስለዚህ እጽፋለሁ። ልጅሽ በራሱ አፍ ሳይነግርሽ ከእኔ ስሚው። አዎ «ልጅሽ» ነው ያልኩት፤ ሲያጠፋ ያንቺ፣ ሲያለማ የእኔ መሆኑን በሠርጋችን ማግስት ተስማምተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሁን ይህን ስጽፍ ልጃችን መንገድ ላይ ነው። በዚያች መኪናው የግድቡን ጠመዝማዛ እየወጣ ነው። ደረቱ ላይ ያለውን ቀበቶ ደግሞ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ያበላሸሁትም እኔው። መኪናዋ አንድ ነገር ብትመታ ያ ቀበቶ አይይዘውም። ይኸው፣ ተናገርኩት።

ያቺን መኪና ታስታውሻታለሽ? አንቺ ስትሄጂ ጎማ እንኳ አልነበራትም፤ የጎረቤት ዶሮ እንቁላል የምትጥልባት ቆርቆሮ ነበረች። አሁን ብታያት አታውቂያትም። ሞላዋን አስቆርጦ መሬት ለመሬት የምትሳብ አድርጓታል። ቸርኬዋ ፊት ያሳያል። ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታዋን አስወጥቶ የጣለው ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ከአልጋው ወደቀ። እኔም አፌን ሞልቼ ልቆጣ አልችልም፤ ወንበሮቿን በቀይ ክር የሰፋሁት እኔ ነኛ። ሠላሳ ዓመት የታክሲ ወንበር ስጠግን ኖሬ እንደዚያ ያማረ ሥራ ወጥቶኝ አያውቅም። እሱ ከሥሯ ተኝቶ ሲፈታ፣ እኔ በሯን ከፍቼ ስሰፋ፣ ሳንነጋገር ነው የምንውለው። ከእሱ ጋር ያሳለፍኩት ደግ ጊዜ እሱ ነው ብልሽ አላጋነንኩም።

ከዚያ ጓደኞቹ መጡ። «ጭሱ» ነው የሚሉት እሱን፤ ለምን እንደሆነ ማርሚታዋን ጠይቂያት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አንዱ ወንበር፣ አንዱ የመሪ ልባስ፣ አንዱ ጣሪያ አሰፋኝ። በኋላ የእሽቅድድም ነጂዎች የሚያስሩትን፣ በሁለት ትከሻ ወርዶ በሁለት ጎን የሚቆለፈውን ቀበቶ አምጥተው «አባባ፣ ይህንን ይሰፉልናል?» አሉኝ። አባባ ሲሉኝ ልቤ ይቀልጣል። ለዘጠኝ መኪና ዘጠኝ ቀበቶ ለመስፋት ተስማማሁ።

ስምንቱን በወፍራሙ ናይለን ሰፋሁ። ዘጠነኛው ላይ ክሩ አለቀ። ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ሱቁ ተዘግቷል፤ በማግስቱ መኪኖቻቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ። እኔም ቅርጹን እንዲይዝልኝ ብዬ የወንበር ጨርቅ በምሰፋበት ቀጭን ክር ለጊዜው ወሰወስኩትና በኖራ የመስቀል ምልክት አደረግኩበት። ምልክቴን ታውቂዋለሽ፤ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። ምልክት ያለበት ነገር ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም። ልጃችንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

ለካ ጓደኞቹ ቀበቶዎቹ እንዲያበሩ ብለው እኔ ሳልነሳ በእርጥብ ጨርቅ ሁሉንም ወልውለዋቸዋል። ኖራዬ ከአቧራው ጋር ተጠረገ። ጠዋት ክሬን ገዝቼ ስመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ዘጠኙም ሄደዋል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ደግሞ በዓይን አይለይም፤ ሁሉም ቀይ ክር ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል አሉ። የእኔ መልቀም ይኸው እዚህ አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ።

ያኔውኑ አልተናገርኩም። አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት «የእሱ ስፌት አይፈታም» የተባለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ብሎ ይናገራል? ሰኞ ለእጥበት ብዬ እሰበስባቸዋለሁ አልኩ። ሰኞ ግን ሌላ ጉድ ይዞ መጣ።

ፖሊስ የመኪና ቅርፅ የሚቀይሩትን ልጆች መያዝ ጀመረ። ሕጉ ድሮም ነበረ፤ የሚያስከብረው ነበር የጠፋው። አንዲት ረዥም ሳጅን አለች፤ ከኪሷ የልብስ ሰፊ ሜትር የመሰለ ነገር መዝዛ ከመኪናው ሥር ትከታለች። ከልኩ ዝቅ ካለ ቁልፍ ትቀበላለች። ማርሚታው ጋ ደግሞ ድምፅ የሚለካ መሣሪያ ትደቅናለች። ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበረው ሁሉ እስኪወርድ መኪናው ግቢያቸው ይታሰራል። ወንበርና ቀበቶ ሳይቀር!

እኔም ቤት መጣች። በመስኮት ሳያት ምን እንዳደረግኩ ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ፤ የስፖንጁ ክምር ውስጥ ገባሁ። ገብታ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና ለስፖንጁ «አባት፣ እግርዎ ይታያል» አለችው። ወጣሁ። «ቀበቶ ይሰፋሉ?» ስትለኝ «ኧረ ወንበር ብቻ!» አልኳት። ጠረጴዛው ላይ የቀበቶ መቆለፊያ ተቀምጦ ነበር። አንስታ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው።

ያን ዕለት እራት ላይ ልጅሽ «መኪኖቹን እንደብቃለን» አለ። እኔ ደግሞ ፍርሃቴ በአፌ ወጥቶ «እሰይ! ፖሊስ ደግ አደረገ» አልኩ። ምን ለማለት እንደፈለግኩ እግዜር ያውቃል። እሱ ማንኪያውን አስቀመጠ። «አንተ ግን ከማን ጋር ነህ?» አለኝ። ብርድ ልብሱን ይዞ፣ መኪናዋን አስነስቶ ወጣ። የትኛው መጋዘን ውስጥ እንደደበቃት እስካሁን አላውቅም። ስልኬንም አያነሳም።

ከጓደኞቹ አንዱ፣ ቀጭኑ የሚሉት፣ ልበ መልካም ልጅ ነው። እሱን ለምኜ ስምንቱን ቀበቶ አስመጣሁ። አንድ በአንድ ጫፋቸውን እየፈታሁ አየኋቸው። አንደኛው ናይለን፣ ሁለተኛው ናይለን። ስምንተኛውም ናይለን። መጥፎው ልጃችን ጋ ነው።

«ቀበቶው ክሩ መጥፎ ነው፣ አትንዳት፣ አምጣው በለው» ብዬ ቀጭኑን ላክሁት። ያመጣልኝ መልስ ምን ይመስልሻል? «አባዬን፣ ይሄም እንደ ፍሬኑ ነው በለው።»

የፍሬኑን ነገር አልነገርኩሽም ነበር። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ሲያስፈራኝ፣ እንዳይወጣ ብዬ «ፍሬንህ ዘይት ያንጠባጥባል» አልኩት። ግማሽ ቀን ጭቃ ላይ ተኝቶ ሲፈልግ ዋለ፤ ምንም የለም። ሌላ ቀን ጎማው፣ ሌላ ቀን መሪው። በመጨረሻ ገባውና ሳቀብኝ። ዛሬ እውነቱን ስነግረው ማን ይመነኝ? ስቄ የጀመርኩት ውሸት እንዲህ አነቀኝ።

ለራሴ ላረጋግጥ ብዬ ቁራጭ ቀበቶ በዚያ ቀጭን ክር ሰፍቼ ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰርኩና በሁለት እጄ ሳብኩት። ጠረረረር ብሎ ተተረተረ። እኔ ነኝ የሳብኩት፤ የውሃ ጀሪካን ማንሳት የሚያቅተኝ ሰው! ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። ምግብ ሳላምጥ እሰማዋለሁ፤ ሰው ዚፕ ሲዘጋ እሰማዋለሁ።

ዓርብ ቀጭኑ አፉ አመለጠውና እሁድ ጎህ ሲቀድ ዘጠኙም ግድቡ መንገድ ላይ እንደሚገናኙ ነገረኝ። መኪኖቹን ከመፍታታቸው በፊት የመጨረሻ ሽርሽር ነው አሉ። የመጨረሻ የሚለው ቃል ሌሊቱን አላስተኛኝም።

ትናንት እዚህ መጣሁ። በሩን አራት ጊዜ አልፌው ሄድኩ። በአምስተኛው ዘበኛው «አባቴ፣ የጠፋ ዕቃ አለ?» አለኝ። ሳጅኗ ፊት አስቀመጡኝ። መንገዱንም ሰዓቱንም ነገርኳት። የቀበቶውንም ነገር አልደበቅኩም። ጻፈች ጻፈችና ቀና ብላ፣

«ልጅዎም አብሮ አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«ስለዚህ የገዛ ልጅዎን እየጠቆሙ ነው።»

«ሳጅን፣ ቀባሪው ከምሆን ጠቋሚው ልሁን» አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። የጠቋሚ ስም ለማንም እንደማይነገር፣ እኔም ከእንግዲህ ወንበር እንጂ ቀበቶ እንዳልነካ ነገረችኝ። ማልኩላት።

ይኸው እንግዲህ ነገሩ። ልጅሽንም የስምንት ሰው ልጆችንም ሸጫለሁ። አባባ የሚሉኝን! የዘበኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው የፖሊስ ሬዲዮ በተንኮሻኮሸ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። አሁን እንኳ «አምቡላንስ» ሲል ሰማሁና ብድግ ብዬ ዘበኛውን እጁን ያዝኩት። ሌላ ሰፈር ነው፣ ምጥ የያዛት ሴት ናት አለኝ። ዳቦውን ቆርሶ ሰጠኝ። ኪሴ ከተትኩት።

አንቺ ብትኖሪ ምን ታደርጊ ነበር? እኔንጃ። ምናልባት ከመኪናዋ ፊት ትቆሚ ነበር። እኔ እንዲያ ያለ ወኔ የለኝም።

...

አሁን ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው። መጡ።

በመጀመሪያ የጎታች መኪኖቹን ድምፅ ሰማሁ። ወጣሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩ። የእኛዋ የለችም። ስድስት፣ ሰባት። የለችም። ስምንተኛው ሲገባ ግድግዳውን ያዝኩ። ዘጠነኛዋ እሷ ናት። አንድ ጭረት የላትም! እሱ ከፖሊሶቹ መኪና ላይ ዘሎ ወረደ። ፊቱን ያዞርብኛል ብዬ ስጠብቅ መጥቶ አቀፈኝ። ዘይት ዘይት ይሸታል። ከስቷል። አለቀስኩ፤ ምን አደርጋለሁ?

ሳጅኗን አስፈቅጄ የመኪናዋን በር ከፈትኩና ቀበቶውን ያዝኩት። እጄ ወዲያው አወቀው፤ የእኔ ስፌት አይደለም። ወፍራም ነጭ የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው፤ አራት ማዕዘን ሆኖ መሐሉ ላይ የተሻገረ፣ ልክ እንዳስተማርኩት። ጠማማ ነው፤ ግን ሁለት በሬ ቢስበው አይበጠስም።

«ማነው የሰፋው?» አልኩት።

«እኔ። ቀጭኑ የነገረኝ ዕለት ሳቅኩብህ። ከዚያ ስተኛ አልተዋጠልኝም፤ ተነስቼ በስልኬ መብራት አየሁት። በጣቴ ስስበው ተከፈተ። አባዬ፣ ደሜ ነው ቀጥ ያለው። መርፌው ሦስት ጊዜ ወግቶኛል፣ እይ።»

«ታዲያ እንዲህ አደረግኩ ብለህ አትልክልኝም ነበር?»

«ልክ ነህ ብዬ? አንዴ ልክ ነህ ካልኩህ ሁለተኛ መሪ ታስጨብጠኛለህ?» ብሎ ሳቀ። ያንቺን ሳቅ።

አየሽው? አምኖኝ ነበር። እኔ ስጠቁመው እሱ ከሦስት ቀን በፊት አምኖኝ፣ ሰፍቶ ጨርሶ ነበር። ቁርጥ አንቺን! አንድ ቃል ብታወጡ ምን ይቀንስባችኋል?

ዘበኛው ሻይ አመጣልንና እዚሁ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ግቢው ውስጥ የሳጅኗ ሜትር ከቀጭኑ መኪና ሥር ሲገባ ቀጭኑ የበረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ሦስት ዓመት የለፋባት ናት። ቀና ብሎ ሲያየኝ «አባባ፣ መጡልን?» አለኝ። አባባ አለኝ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ልጃችን አየውና ጥርሱን ነከሰ። «አንድ ሰው ሸጦናል» አለኝ። «ሰዓቷን ሳይቀር ያውቁ ነበር። ከእኛ አንዱ ነው። ያን ሰው ባገኘው፣ አባዬ፣ ዓይኑን ማየት አልፈልግም። ሰው እንዴት የገዛ ወንድሞቹን?» እኔ ሻዬን ጠጣሁ። ምላሴ ተቃጠለ፤ ደግሜ ጠጣሁ። ይህን ወረቀት አይቶ «ለእማ ነው? ሰላም በልልኝ፣ ደህና ነኝ በላት» አለ። በእጄ ሸፈንኩት።

ከዚያ ዞሮ አየኝ። በክፋት አልነበረም፤ እንዲያው ሐሳብ መጥቶለት ነው።

«ግን አባዬ፣ እኛ ሳንደርስ አንተ እዚህ እንዴት ቀድመህ ተገኘህ?»

ሳጅኗ በዚያችው ቅጽበት ለፊርማ ጠራችው። ገባ። አሁን እውስጥ ነው፤ ወረፋ ይዟል፤ በበሩ ክፍተት ጀርባው ይታየኛል።

የፈሩት ይደርሳል አሉ። ጠዋት የፈራሁት መንገዱ ልጄን እንዳይወስድብኝ ነበር። አሁን ደግሞ የገዛ አፌ ሊወስድብኝ ነው። ውሸት እችል ነበር፤ «ዘበኛው ደወለልኝ» ማለት አያቅተኝም፤ እሱም ያምነኛል፤ ዛሬ ዛሬ ያምነኛል። ያ ነው ያስፈራኝ። ስለ ፍሬኑ የዋሸሁትን ልጅ፣ ቀበቶውን አምኖኝ በገዛ እጁ የሰፋውን ልጅ፣ ደግሜ ልዋሸው? እውነቱን ለመናገር ደግሞ አፌ ተሳስሯል። ሁለት ጊዜ «ልጄ» ብዬ ለብቻዬ ሞከርኩት፤ ከዚያ በኋላ ያለው አይወጣም።

ስለዚህ ቆርጫለሁ። ሲወጣ ይህን ወረቀት ሳላጥፈው እሰጠዋለሁ። ቁጭ ብሎ ያንብበው። ፖስታ ቤት የሚገባው እሱ ካነበበው በኋላ ነው። እጅሽ ከገባ ሁሉን አውቋል ማለት ነው፤ ካልገባ ግን ወረቀቱን ቀድዶ ጥሎት ሄዷል። ያን ቀን እኔ የት እንደምቀመጥ አላውቅም።

እየመጣ ነው መሰለኝ፤ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

በሰው አገር የምትደክሚበትን እጅሽን ፈጣሪ ያበርታልኝ። የምታስታምሚያቸውን እናት ይማርልሽ፤ አንቺንም ከክፉ ሰውና ከብርድ ይጠብቅልኝ። ዓይንሽን አይቼ ብትቆጪኝ፣ ብትጮሂብኝ ምንኛ በወደድኩ። ሦስታችንንም በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰብስበን።

ፈሪው ባልሽ፣
የመኪና ወንበር ሰፊው

...

እማ፣ እኔ ነኝ። አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ። ፖስታ ቤት የማደርሰውም እኔ ነኝ። እሱን ገና አላናገርኩትም።